«አንገቱን ደፍቶ ለኖረ ማን ይደርስበታል?»

ሰብለ፦ ትናንት እዚሁ ጋሽ መኮንን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የጻፉት እንቅልፍ ነሳኝ። «ነጭ ሰፈር ገብቶም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ለኖረ ማን ይደርስበታል?» ነው ያሉት። ጥቁሮቹ የማየርስ ቤተሰብ ምን አጠፋ? በፈረንጆቹ 1957 ፔንሲልቬንያ፣ ሌቪታውን የሚባል የነጮች ሰፈር ውስጥ ቤት ገዝተው ገቡ። ባልየው ጦር ሠራዊት ያገለገለ ሰው ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሯቸው። ማታ ማታ ሕዝቡ ደጃቸው ተሰብስቦ ይጮህባቸው ነበር። መስኮታቸውን በድንጋይ ሰበሩት።

መኮንን፦ እቱ፣ ያ የድሮ ታሪክ ነው። በ1968 በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል። እኔ ነጭ ሰፈር ስኖር ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

ናቲ፦ እርስዎ እኮ የገቡት ሌሎች ተደብድበው በከፈቱት በር ነው ጋሼ 😂

መኮንን፦ ናቲ፣ ስድብ ይቅር።

የቤቲ እናት፦ ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ያደገው በ1980ዎቹ ነጭ ሰፈር ነው፣ ከክፍሉ ጥቁር እሱ ብቻ። ስለ ባርነት ሲማሩ ሁሉም ዞረው እሱን ያዩታል። ልደት የሚጠራው የለም። ሳይክሉን ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞ «የማን ነው?» ይለዋል። አንገቱን ደፍቶማ ነው ያደገው! ዛሬም ሱቅ ሲገባ እጁን ኪሱ አይከትም።

መኮንን፦ እግዜር ያጽናው። ግን ተምሮ ሰው ሆኗል አይደል? ሰፈሩ ጥሩ ትምህርት ቤት ነበረው ማለት ነው።

ሰብለ፦ ኧረ ጋሼ! ትምህርት ቤቱ ለምን እዚያ ብቻ ጥሩ ሆነ? ሌቪታውንን የሠራው ሌቪት ለጥቁር ቤት አልሸጥም ይል ነበር፣ ማየርሶች የገዙት ከነጭ ባለቤት ነው። መንግሥት ደግሞ ለነጮቹ ብድር ዋስ ይሆን ነበር። ጥቁሩ ከየት አምጥቶ ይግዛ?

ዮሐንስ፦ ሰብለ ራሷ ለልጆቿ ትምህርት ብላ አይደል ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ የወጣችው?

ሰብለ፦ ኪራይ ገፍቶኝ ነው! ምን አገናኘው?

ዮሐንስ፦ ዝም ብዬ ጠየቅኩ።

ናቲ፦ ዮሐንስ ሁሌ ዝም ብሎ ነው የሚጠይቀው።

መኮንን፦ ማየርሶችስ ወዲያው ወጡ?

ሰብለ፦ አልወጡም። ፍርድ ቤት ሁከተኞቹን አገደላቸው፣ እስከ 1961 እዚያው ኖሩ። አንገታቸውን ሳይደፉ!

መኮንን፦ ኋላ ወጡ አይደል? እኔስ ምን አልኩ?

የቤቲ እናት፦ ጋሼ፣ እሁድ ቤት ይምጡና ይህንኑ ለባለቤቴ ይንገሩት።