ናፍጣ የፈሰሰበት መሬት በተህዋስያን ይድናል?

የመቂ ገበሬ
ጤና ይስጥልኝ። መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም አለማለሁ። ከአንድ ወር በፊት የውሃ ሞተሩ ናፍጣ በርሜል ተገልብጦ 40 ሊትር ያህል መደቡ ላይ ፈሰሰ። የተነካው ቦታ አራት በአምስት ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከአባቴ የወረስኩት መሬት ነውና ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሽንኩርቱ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ በሳምንት ደረቀ። ውሃ ሳጠጣም አይሰርግም፤ እየተድበለበለ ላዩ ላይ ይቀራል። አንድ ነጋዴ በጀሪካን የያዘውን ተህዋስያን «ይህን ብቻ አፍስሺበት፣ በሁለት ሳምንት ይጸዳል» ይለኛል። የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ይገዛል። ልግዛው?

አፈር ወዳድ
እህቴ፣ አትግዢ። ናፍጣ የሚበሉ ባክቴሪያዎች መሬትሽ ውስጥ ቀድሞም አሉ። የቸገራቸው ናይትሮጅን ነው፤ ናፍጣ ካርቦን ይሰጣቸዋል፣ ናይትሮጅን ግን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ዘይት ስታፈስ፣ ባለሙያዎች የባሕሩን ዳርቻ ማዳበሪያ ረጭተውበታል፤ እዚያው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እንዲበረቱ ነበር።

ለ40 ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ቢደርሳቸው ይበቃል። ያ በዩሪያ ሲሰላ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ከሰጠሻቸው ግን ይጎዳቸዋል፤ ለሦስት ከፍለሽ በየወሩ በትኚው። በደንብ የበሰለ ብስባሽ ጨምሪበት፣ በየሳምንቱ በዶማ ገልብጪው፤ አየር ካጡ ሥራቸው ይዳከማል። አፈሩን ስትጨብጪው እጅሽን ያርጥብ እንጂ አይንጠባጠብ። በቦይ ውሃ እንዳትለቂበት አደራ፤ ናፍጣው ወደ ጉድጓድሽ ይወርዳል።

የአቃቂ ልጅ
በርሜሉ ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበረበት? ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተቃጠለ ዘይት እርሳስና ሌላም ብረት ሊይዝ ይችላል፣ ብረትን ደግሞ በልቶ የሚያጠፋ ተህዋስ የለም። እኔ ያደግሁት በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ቆስጣ በሚለማበት ሰፈር ስለሆነ ነገሩ ያንገበግበኛል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮሚየም አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከመርዛማው ዓይነት ጉዳቱ ወደሚያንሰው ይለውጡታል፤ ክሮሚየሙ ግን እዚያው አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረትማ ወደ ቅጠሉ ይወጣል። «ሁሉን ያጸዳል» የሚል ነጋዴ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ ምኑን እንደሚያጸዳ ጠይቁት።

የመቂ ገበሬ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከማደያ የተቀዳ ንጹሕ ናፍጣ ነው፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም። መዳኑን በምን ላውቅ?

አፈር ወዳድ
በፌጦ። ከተበከለውና ከደህናው አፈር በሁለት ጣሳ ያዢና በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ዝሪበት። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል፣ መርዝ ካለ ደግሞ ሥሩ ያጥራል። በየወሩ ድገሚው። በሁለቱ ጣሳ እኩል ሲበቅል መሬቱ እያገገመ ነው፤ ያኔም ለምግብ የሚሆን ከመትከልሽ በፊት ናሙናውን በላቦራቶሪ አስመርምሪ።

የመቂ ገበሬ
ዛሬ ጠዋት ዘራሁት። የናፍጣው ጣሳ ገና ይሸታል፤ ፎቶውን በሳምንቱ እለጥፋለሁ።