“ጊዜው አስጊ ነው” ሲሉን ለሶስተኛ ፓርቲ መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያ ከፖስታ ሳጥኔ የወጣ ነው። ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አንድ የምርጫ በራሪ ወረቀት አገኘሁ። ከላይ የሚሳኤል ፎቶ አለው። ከሥሩ በትልልቁ “ጊዜው አስጊ ነው፤ ድምፅዎን አያባክኑ” ይላል። ሚሳኤሉ የማን እንደሆነ፣ ማን ላይ እንደተደገነ ግን አንድ መስመር የለም። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ለሶስተኛ ፓርቲ ልሰጥ እያሰብኩ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። “ከውጭ የጦር አደጋ መጥቶብናል” ስንባል እንዴት ነው የምንመዝነው? እንዲህ ባለ ጊዜስ እዚህ አሜሪካ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ከዴሞክራትና ከሪፐብሊካን፣ ውጭ መምረጥ ልክ ነው? እንዳንደናገር ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ እንጥራ።

አትላንታ፦ እኔ በቀጥታ ልናገር። ማባከን ነው። በ2000 ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዴሞክራቱን አል ጎርን ፍሎሪዳ ላይ የረታው በ537 ድምፅ ነው። እዚያው ፍሎሪዳ የግሪን ፓርቲው እጩ ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ወሰደ። ኔደርን ከመረጡት ብዙዎቹ ጦርነት የማይወዱ ሰዎች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኢራቅ ገባን። ከሁለት ያጣ ማለት ይሄ ነው።

ሲያትል፦ ወንድሜ፣ ኢራቅን ኔደር ላይ መጫን ይከብዳል። ጦርነቱን የፈቀደው ኮንግረስ ነው፤ ጥቅምት 2002። በምክር ቤቱ 296 ለ133፣ በሴኔቱ 77 ለ23። ከ77ቱ ውስጥ 29ኙ ዴሞክራቶች ነበሩ። ሁለቱም ፓርቲ ውስጥ እጁን ያወጣ ሞልቷል። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጡ ይባል የለ? ሁለቱ አንድ ላይ ሲሳሳቱ “አልተስማማሁም” የሚል ሰው የት ይሂድ?

ጋሼ (ቨርጂኒያ)፦ ልጆቼ፣ ምርጫውን ለጊዜው ተዉትና ስጋቱ ላይ እንቆይ። የካቲት 5 ቀን 2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል በመንግሥታቱ ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት “ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት” ብሎ ሲናገር በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ትንሽ ብልቃጥ በጣቱ ይዞ ነበር። አመንኩት። ረጋ ያለ ወታደር ነው፣ አይዋሽም አልኩ። ለልጆቼም እንደዚያው ነገርኳቸው። መሣሪያው ግን አልተገኘም፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለ አሉሚኒየም ቱቦዎቹ ልንገራችሁ። ኢራቅ ቱቦዎች ልትገዛ ሞክራለች፣ ለኑክሌር ቦምብ የሚሆን ዩራኒየም ለማበልጸጊያ ናቸው ተባለ። ቱቦ ሊገዙ ሞክረው ነበር ወይ ከተባለ፣ አዎ፣ እውነት ነው። ግን ማበልጸጊያ ማሽን ሠርቶ የሚያውቀው ማነው? የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ “ይሄ የሚስማማው ለተራ ሮኬት ነው” ብለው ነበር። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የመረጃ ክፍልም አልተስማማም። ይህ ሁሉ ኮንግረስ እጅ በገባው ሚስጥራዊ ሰነድ ውስጥ ተጽፏል። ሙሉውን ያነበቡት ግን ጥቂት ነበሩ። ካነበቡት አንዱ የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ሊቀመንበር ቦብ ግርሃም ነው። እሱ የተቃውሞ ድምፅ ሰጠ።

እንግዲህ የእኔ መመዘኛ ከዚህ ይነሳል። አንድ ስጋት ሲነገረኝ “የዚህ ሙያ ሰዎች ተስማምተውበታል ወይ?” እላለሁ። “መሣሪያ አለው” እና “ሊወጋን ወስኗል” የተለያዩ መሆናቸውንም አልረሳም። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን ጥድፊያውን ነው። በ1964 የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ጉዳይ ነሐሴ 4 ተፈጸመ የተባለው ሁለተኛ ጥቃት ጭራሽ አልነበረም። ኮንግረስ ግን ነሐሴ 7 ላይ ጦር መጠቀምን አጸደቀ። በሦስት ቀን! ምክር ቤቱ 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2። ከዚያ በኋላ ቬትናም ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቃላችሁ።

ዳላስ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብናል። በ2022 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ “ሩሲያ ዩክሬንን ልትወር ነው” ስትል እዚሁ ግሩፕ ላይ ምን ነበር ያልነው? “ኢራቅ ክፍል ሁለት” አልን። እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ። የካቲት 24 ደረሰ፣ ታንኮቹ ገቡ። ዩክሬናዊት የሥራ ባልደረባዬ በዚያ ጠዋት ኪየቭ ያለች እናቷ ጋ ስትደውል አጠገቧ ቆሜ ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ትደውላለች። እኔ ያንን የጻፍኩትን እያሰብኩ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሁሉንም “ፕሮፓጋንዳ ነው” ማለት ማሰብ አይደለም። እሱም እንደ ማመን ሁሉ ስንፍና ነው።

ጋሼ (ቨርጂኒያ)፦ ልክ ነህ ልጄ። እኔም ያኔ ተጠራጥሬ ነበር። በኋላ ቁጭ ብዬ ልዩነቱን ፈለግኩ። በ2003 “እመኑን፣ ምንጩ ሚስጥር ነው” ተባልን። በ2022 ግን የጦሩን ሰፈር የግል ኩባንያዎች ሳተላይት ሳይቀር ፎቶ አንስቶታል። ከ100 ሺህ በላይ ወታደር ድንበር ላይ ተደርድሮ ማንም ሰው ሊያየው ይችል ነበር። በ1962 የኩባ ሚሳኤሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ፎቶው ለዓለም ታየ። ሊጣራ የሚችል ማስረጃ ሲቀርብ አጣርቶ ማመን ነው።

ሚሺጋን፦ እኔ ወደ ድምፁ ልመልሳችሁ። የእኛን ስቴት እንደ ምሳሌ ውሰዱት። በ2016 ትራምፕ ሚሺጋንን ያሸነፈው በ10,704 ድምፅ ነው። የግሪን ፓርቲዋ ጂል ስታይን ከ51 ሺህ በላይ አገኘች። አትላንታ ያልከው እዚህ ይሠራል። በ2024 ግን ልዩነቱ 80 ሺህ ገደማ ሆነ። ስታይን በመላው ስቴት ያገኘችው ከዚያ በጣም ያንሳል። ያ ሁሉ ድምፅ ለዴሞክራቷ ሀሪስ ቢዞር እንኳ ውጤቱ አይለወጥም ነበር። ያው ስቴት፣ ያቺው እጩ፣ ሒሳቡ ግን ሌላ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በ2024 እዚሁ ሚሺጋን ዲርቦርን ከተማ ላይ ስታይን 18 በመቶ ገደማ አገኘች። በጋዛ ምክንያት የመረጧትን ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ። አንዷ ዘመዶቿን ቀብራለች። እሷን “ድምፅሽን አባከንሽ” ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። የት ሄዳ ትናገር?

አትላንታ፦ እህቴ፣ ሐዘኗን አልነካም። ግን እኔ ጆርጂያ ነኝ። በ2020 እዚህ ያለው ልዩነት 11,779 ነበር። የሊበርታሪያኗ እጩ ከ62 ሺህ በላይ ወስዳለች። እዚህ ሆኜ ለሶስተኛ ፓርቲ የምሰጠው ድምፅ ለሌላ ሰው ቤት ይተርፋል። ሌላም አለኝ። ሶስተኛ ፓርቲ ስለሆነ ብቻ ስለ ጦርነት ያውቃል ማለት አይደለም። በ2016 የሊበርታሪያኑ እጩ ጋሪ ጆንሰን ስለ ሶሪያዋ ከተማ አሌፖ ሲጠየቅ “አሌፖ ምንድን ነው?” ብሎ መለሰ። ሶሪያ እየነደደች ነበር። ጋሼ ለትልልቆቹ ያወጡትን መመዘኛ ለትንንሾቹም እናውጣ። “ምንም ስጋት የለም” የሚልም ማስረጃ ያምጣ።

ሲያትል፦ በዚህ እስማማለሁ። እኔ ግን ዋሽንግተን ስቴት ነኝ። እዚህ በፕሬዚዳንት ምርጫ ከ1988 ጀምሮ ያሸነፉት ዴሞክራቶች ብቻ ናቸው። የድምፅ ወረቀቱ በፖስታ ይመጣልኛል፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ እሞላዋለሁ። በእኔ አንድ ድምፅ ፕሬዚዳንት አይለወጥም። ሶስተኛ ፓርቲ በመላ አገሪቱ 5 በመቶ ካገኘ ግን ለቀጣዩ ምርጫ የመንግሥት ገንዘብ ያገኛል። ሮስ ፔሮ በ1996 ከ8 በመቶ በላይ ስላመጣ ሪፎርም ፓርቲ በ2000 ወደ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶታል። ይሄ ባዶ ነገር አይደለም።

ደግሞ ስለ ዩጂን ዴብስ ሳልናገር አላልፍም። በ1916 ፕሬዚዳንት ዊልሰን “ከጦርነት ጠበቀን” በሚል መፈክር ተመረጠ። ሚያዝያ 1917 ላይ አገሪቱ ጦርነት ገባች። ሶሻሊስቱ ዴብስ በ1918 ካንተን ኦሃዮ ላይ ጦርነቱን ነቅፎ ተናገረ፤ አሥር ዓመት ተፈረደበት። በ1920 እዚያው አንተ ያለህበት አትላንታ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ተወዳደረ። ከ900 ሺህ በላይ ሰው መረጠው። አንዱም እንደማያሸንፍ አልጠፋውም። ያ ሰው ሁሉ ድምፁን አባከነ ትላለህ? እኔ አልልም። “በስሜ አይደለም” ብሎ የሚናገርበት ሌላ ወረቀት አልነበረውም።

ዳላስ፦ ፔሮ በ1992 ወደ 19 በመቶ አምጥቶ አንድም ኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው የስቴቶች ድምፅ) አላገኘም። ጥፋቱ የመራጩ አይመስለኝም፣ የአቆጣጠሩ ነው። ሜይንና አላስካ እጩዎችን በቅደም ተከተል መምረጥ ጀምረዋል። አንደኛ ምርጫህ ከወደቀ ድምፅህ ለሁለተኛው ያልፋል። ያ ቢሆን ዛሬ አንከራከርም ነበር።

ጋሼ (ቨርጂኒያ)፦ ሁላችሁም ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው የምታዩት። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የኮንግረስ ነው። በተግባር ግን በሰኔ 2025 አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ተቋማት ስትደበድብ ኮንግረስ አስቀድሞ ድምፅ አልሰጠበትም። ዝም ያሉት እነማን ናቸው? በስማቸው የምንመርጣቸው ናቸው። በመስከረም 2001፣ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ ምክር ቤቱ ጦር መጠቀምን 420 ለ1 ሲፈቅድ ያቺ አንዷ ባርባራ ሊ ነበረች። ሶስተኛ ፓርቲ አይደለችም፤ ዴሞክራት ናት። ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ውረዱ፣ የምክር ቤቱ ስም አለ።

ሚሺጋን፦ አወያይ፣ ሁላችንም ያለንበትን ተናገርን። አንተ የት ነህ?

አወያይ፦ ፔንሲልቬንያ።

አትላንታ፦ አሃ! በ2016 ልዩነቱ ወደ 44 ሺህ፣ ስታይን ወደ 50 ሺህ። እባክህ ወንድሜ።

ሲያትል፦ ፔንሲልቬንያ ብሆን እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አልዋሽህም።

አወያይ፦ ወረቀቱን አሁን ከኪሴ አውጥቼ ጀርባውን አየሁት። በደቃቅ ፊደል ማን እንደከፈለበት ተጽፏል፤ የምክር ቤት እጩ ነው። ጋሼ እንዳሉት ወደ ታች መውረድ ነበረብኝ። ለፕሬዚዳንት ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም። ለዚህ ሰው ግን ዛሬ ማታ እጽፍለታለሁ። ሚሳኤሉ የማን ነው? ማን አይቶታል? ያልተስማማ ባለሙያ አለ? ጦርነት ይከፈት ቢባል ኮንግረስ ድምፅ እስኪሰጥ “ቆይ” ትላለህ? ያንኑ ደብዳቤ ለተቀናቃኙና ለሶስተኛ ፓርቲው እጩም እልካለሁ። መልስ ከመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።