መንገድ በሰው ቁጥር ይታደል? የህንድ ገጠር ጉዳይ

ለክርክር የቀረበ፦ ህንድ በታኅሣሥ 2000 የጀመረችው የገጠር መንገድ ፕሮግራም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን ናቸው) ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ የሚሰጠው በነዋሪ ብዛት ነው። በሜዳማ አካባቢ 500 ሰው፣ በተራራማና በበረሃማ አካባቢ እንዲሁም የጎሳ ማኅበረሰቦች በሚኖሩበት 250 ሰው ያስፈልጋል። ያልሞላለት ይጠብቃል። ይህ ፍትሕ ነው?

መሐንዲሱ፦ ነው እንጂ! ከ640 ሺህ በላይ መንደር ያለው አገር ወረፋ ሳያስይዝ እንዴት በጀት ይመድባል? ቁጥር ባይኖር መንገዱ የሚያመራው የባለሥልጣኑ አጎት ደጃፍ ነበር። 500 የሚባል ቁጥር ዘመድ አዝማድ የለውም።

ከህንድ ተመላሽ፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎት። ተማሪ ሳለሁ የክፍል ጓደኛዬን ተከትዬ ኡታራካንድ በሚባለው የሰሜን ህንድ ተራራማ ግዛት ውስጥ ፓውሪ ወደሚባለው ወረዳ፣ ወላጆቹ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጂፑ አሥር ሰው ካልሞላ አይነሳም፤ እኛ ሰባት ነበርን። ሾፌሩ ሻዩን እየደጋገመ ሁለት ሰዓት አስቆመን። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ሽቅብ በእግር ነው። ዳገቱ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ወንበር ላይ አስረው ሲያወርዷት አገኘን። ተሸካሚዎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች። ጎረምሶቹ የት ሄዱ ብል ጓደኛዬ «ዴልሂ» አለኝ። እርሱም የሚኖረው እዚያው ነው።

መንገድ ሲጠፋ ሰው ይሄዳል፤ ሰው ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲወርድ መንገዱ ይቀራል። በ2001 እና በ2011 ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ ከ17 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ የፓውሪና የጎረቤቱ የአልሞራ ወረዳዎች ሕዝብ ቀንሷል።

መሐንዲሱ፦ ለዚህም መላ አለው። የሚቆጠረው መንደሩ ሳይሆን ሰፈሩ ነው፤ በተራራማ ቦታ በ1.5 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ ያሉ ሰፈሮች ተደምረው ሊቆጠሩ ይችላሉ።

መምህሯ፦ መደመሩስ ይሁን፤ የሚደመረው የየትኛው ዘመን ሰው ነው? በ2024 የጸደቀው የፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ 25 ሺህ ሰፈሮችን ለማገናኘት ሲነሳ የያዘው የ2011 ቆጠራን ነው። በቆጠራው ዓመት የተወለደ ልጅ ያኔ 13 ዓመት ሞልቶት ነበር። የ2021ዱ ቆጠራ በኮቪድ ወረርሽኝ ሰበብ በጊዜው ሳይካሄድ ተላለፈ።

ተጠራጣሪው፦ መንገዱ ገባ እንበል፤ ከዚያስ? ሳም አሸር እና ፖል ኖቮሳድ የተባሉ ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች የሰው ቁጥራቸው ከተወሰነው ገደብ ጥቂት በላይና ጥቂት በታች የሆኑ መንደሮችን አነጻጽረው በ2020 ያሳተሙት ጥናት አለ። መንገድ ባገኙት መንደሮች ብዙ ሠራተኛ ከእርሻ ወጥቶ ሌላ ሥራ ያዘ። የእርሻው ውጤት፣ ገቢውና ንብረቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። አስፋልት አውቶቡስ አይደለም። የህንድ ቆጠራ ራሱ ስለ እያንዳንዱ መንደር ሲመዘግብ አውቶቡስ መኖሩን፣ ከሌለም ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከ5 እስከ 10 ወይስ ከ10 በላይ ርቀት እንደሚገኝ ለይቶ ይጽፋል።

ከህንድ ተመላሽ፦ የእነዚሁ ሰዎች ሌላው ጥናት መንገድ በገባበት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ መጨመሩን ያሳያል። እርሱን ለምን ዘለልከው? ያቺ ወንበር ላይ የታሰረች ሴትስ ገቢዋ እስኪጨምር ትጠብቅ?

መምህሯ፦ እኔ የምለው፣ ርቀት ከቁጥሩ ጋር ይመዘን። ከሐኪም ቤት 20 ኪሎ ሜትር የራቁ 200 ሰዎች ከተማ ጥግ ካሉ 600 ሰዎች ይቅደሙ። ምን ይላሉ መሐንዲስ?

መሐንዲሱ፦ ርቀቱን ማን ሊለካ ነው? እንደ እኔ ያለ ሰው ነዋ! እዚህ አገራችን ውስጥ የቀየስኩት አንድ የገጠር መንገድ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሲደርስ አለቀ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ግን በሪፖርቴ ላይ «ተገናኝተዋል»። እንዲያ ብዬ እንድጽፍ የነገረኝ ሰው ነበር፤ እኔም ጻፍኩ። ስለዚህ እቴ፣ ቁጥሩን አትንኩብኝ፤ ሜትር ይዞ የሚሄደውን ሰው አውቀዋለሁ።