የድሮ የሚመስለው ሙዚቃ ለፊልሜ ይሆናል?
ሰላም ናችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። ታሪኩ እንደ ፈረንጆቹ በ1930ዎቹ የሚሄድ አጭር ፊልም እያቀናበርኩ ነው። ለአንዱ ትዕይንት፣ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሬዲዮ እንደሚሰማ ሆኖ የሚገባ፣ ድምፃዊ የሌለበት የድሮ የሚመስል ጃዝ አገኘሁ። ክላርኔቱ አንጀት ይበላል! ግን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ፒያኖው በግራ፣ ከበሮው በቀኝ ነው፤ ስቴሪዮ ሸክላ (ግራና ቀኙ የተለያየ ድምፅ ያለው) ደግሞ ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ቤዙም ኤሌክትሪክ መሰለኝ። የሸክላው መንቋቋት ጭራሽ በየአራት ሰከንዱ እዚያው ቦታ ላይ "ጠቅ" ይላል፣ በኮምፒውተር እንደተለጠፈ ያስታውቃል። ሞኖ አድርጌው (ግራና ቀኙን አንድ ድምፅ አድርጌ) ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ብቆርጠው ይበቃል ወይስ ሌላ ልፈልግ? ክላርኔቱ ንግግሩንም እየሸፈነብኝ ነው። ተመልካች ይሄን ሁሉ ያስተውላል ወይስ እኔ ነኝ ያበዛሁት?