ጥቆማ፦ የዝዋይ ሲራ ወይን ጅማ ላይ የት ይገኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም የጅማ ልጆች! አዲስ አበባ ዘመድ ቤት «ሪፍት ቫሊ» ሲራ የሚባለውን የዝዋይ ቀይ ወይን ቀምሼ ልቤ እዚያው ቀረ። ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። እዚህ ስጠይቅ ሌላ ወይን፣ ሜርሎ ወይ ጉደር ነው የሚያወጡልኝ። በደንብ የሚያስቀምጥ ቤት የምታውቁ? ከሜርሎው ጋር አስተያይቶ የቀመሰስ?

የጅሬን ልጅ፦ ሄርማታ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ ሂድ። ባለቤቷ ወርቅ ሰው ናት።

ጠያቂ፦ ሲራ አላት?

የጅሬን ልጅ፦ እሱን እንኳ አላውቅም፣ እኔ አምቦ ውኃ ነው የምወስደው። ግን ጅማ ውስጥ ካለ እሷ ጋ ነው ያለው።

ባለ ባጃጅ፦ ወንድሜ፣ ከሱቅ ወይን አትግዛ! ለእህቴ ምርቃት ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፣ ሱቁን አልጠራም። ለካ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። አባባ መርቀው አንዴ ተጎነጩና ፊታቸው ጭምድድ! ኮምጣጤ! ስመልሰው «የተከፈተ አንቀበልም» አለኝ። ሳልከፍት በምን ልወቅ?

አጂፕ ሰፈር፦ ሰላጣ አልነበራችሁም?

ባለ ባጃጅ፦ ሳቅ፣ ያንተ ብር አይደል።

ቡና አፍላ፦ እኔም ጊዜው ያለፈ ዘይት ሸጠውልኝ እንዲሁ ነው ያሉኝ። ደረሰኝ ያዙ፣ ደረሰኝ!

እትዬ፦ የጅማ ማር እያለላችሁ! ጠጅ ጣሉ፣ ማንም ኮምጣጤ አይሸጥላችሁም።

ጋሽ ጉደር፦ ከጉደር ወዲያ ወይን ላሳር። ሌላውን ቀምሼ አላውቅም፣ አልቀምስምም።

አስተናጋጁ፦ ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። ሲራ የፈረንሳይ የሮን ሸለቆ የወይን ዘር ነው። ወይን በብዛት የሚለማው ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ሲሆን ዝዋይ ግን 8 ዲግሪ ግድም፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ሆኖም ከፍታዋ ወደ 1600 ሜትር ስለሆነ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ የሚያዋጣትም እሱ ነው። ሁለቱን ከገዛህ ሜርሎውን አስቀድም፣ ለስለስ ያለ ነው። ሲራው ጠንከር ስለሚል ከጥብስ ጋር ያዘው። ከሰዓት ሙቀት ላይ አትክፈተው፣ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። መደርደሪያ ላይ የተገተረውን ትተህ ከካርቶን አውጡልኝ በል። ቡሹ ወደ ላይ ገፋ ካለ ወይም ዙሪያው ካረጠበ ተወው።

ቡና አፍላ፦ የቡሽ መክፈቻስ የት ይሸጣል? የኔ ተሰበረ።

የጅሬን ልጅ፦ ሄርማታ፣ ጥጉ ላይ።

አስተናጋጁ፦ ጠያቂው፣ አገኘህ ወይስ?

አጂፕ ሰፈር፦ ባለ ባጃጅ፣ ብሩስ ተመለሰ?

ባለ ባጃጅ፦ በአምቦ ውኃ አቻቻልን።