የድራገኑን ፊልም የ6 ዓመት ልጅ ይየው ወይስ ትንሽ ይቆይ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የ6 ዓመት ልጄ አክስቱ ቤት «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን»ን ግማሹን አይቶ መጣ፣ የ2010ሩን አኒሜሽን ማለቴ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ ከሶፋ ሶፋ ይበራል። ቅዳሜ ሙሉውን እናያለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፣ እህቴ ግን መጨረሻ ላይ የፊልሙ ዋና ልጅ ሂካፕ እግሩን ያጣል ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው? ሌላም አለ፣ አትሳቁብኝ። ሳሎናችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ስዕል አለ፣ ትናንት ፈረሱ እግር ሥር ያለውን እያየ «እማዬ፣ ዘንዶው ምን አርጎ ነው የሚወጋው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የሦስት ልጆች አባት፦
እውነት ነው እህቴ፣ ግራ እግሩን ያጣል። ግን ሲቆረጥ አይታይም፣ ደምም የለም። እሳት ውስጥ ሲወድቅ ጓደኛው ድራገኑ በክንፉ ጠቅልሎ ያተርፈዋል፣ እግሩ እንደሌለ የምናውቀው እሱ አልጋው ላይ ሲነቃ ነው። እባክሽ እሷን ቦታ አትዝለያት። የድራገኑን ጭራ መጀመሪያ ያጎደለው እኮ ራሱ ሂካፕ ነው፣ በሠራው መወርወሪያ መትቶ ጥሎት። ብረት ቀጥቃጭ ጋ ስለሚሠራ የጎደለውን ጭራ ሠርቶ ይገጥምለታል፣ ሲበሩም ፔዳል በግራ እግሩ እየረገጠ ነው የሚያንቀሳቅሰው። መጨረሻ ላይ ያ ሰው ሠራሽ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ሲገባ እኔ ትልቁ ሰውዬ አለቀስኩ። ትንሹ ልጄ ግን «እኩል ሆኑ» ብሎ ፈንዲሻውን ቀጠለ። ቀጥቃጩ ጎበርም አንድ እጅና አንድ እግር የለውም፣ ሲቀልድ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ልጅሽ እዚያ እስኪደርስ ነገሩን ለምዶታል።

ኮልፌ፦
ስለ ስዕሉ አትጨነቂ። ፊልሙ ውስጥም የሚገደል ዘንዶ አለ! ትንንሾቹ ድራገኖች በግ የሚሰርቁት የድራገኖቹ ደሴት ውስጥ ያለችውን ግዙፍ ድራገን ለመቀለብ ነው፣ ካላመጡ እነሱን ትበላለች። የሂካፕ ሰዎች ቫይኪንጎቹ ይህን ሳያውቁ ነው ዕድሜ ልካቸውን ሲዋጉ የኖሩት። እና ለልጅሽ «የቅዱስ ጊዮርጊሱ እንደ ትልቋ ነው፣ ሰው ይበላ ነበር» በይው። ዛፍ ላይ ያለችውን ብሩታዊትንም አሳዪው፣ ሊበላ የነበረው እሷን ነዋ። የእኔ ልጅ በዚህ ረክቷል፣ ፈረሱ ለምን አይበርም የሚለው ነው አሁን ያስቸገረኝ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ትንሽ ለየት እላለሁ። ልጄን ያስለቀሳት እግሩ አይደለም፣ ትልቋ ድራገንም አይደለችም። አባትየው ሂካፕን «አንተ ልጄ አይደለህም» ሲለው ነው። በኋላ ይታረቃሉ፣ ይቅርታም ይጠይቀዋል፣ እሷ ግን ማታ ሦስት ጊዜ «አባዬ እኔን እንደዛ ይለኛል?» አለችኝ። ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጪ፣ አባቱም ቢኖር ጥሩ ነው። ቋንቋው አያሳስብሽ፣ ምርጡ ክፍል ንግግር የለውም። ድራገኑ የበላውን ዓሣ ግማሹን መልሶ ተፍቶ ልጁን ብላ እያለ በዓይኑ ሲያፈጥበት፣ ጉርሻ እምቢ ያለ እንግዳ ነው የሚመስለው ሂካፕ።

ኮልፌ፦
ረስቼው፣ የ2014ቱን ሁለተኛውን አስከትለሽ እንዳትከፍቺ። እዚያ አባትየው ይሞታል፣ ያውም በራሱ በድራገኑ እሳት። ፈልጎ አይደለም፣ ሌላ ድራገን ተቆጣጥሮት ነው፣ ግን ለ6 ዓመት ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

ጠያቂዋ፦
ኧረ ተባረኩልኝ። ሁለተኛው ይቆያል። ለቅዳሜ አባቱንም ከሥራ ቶሎ ና ብዬዋለሁ። አሁን የቀረኝ ብርድ ልብሱን ማጠብ ነው፣ ክንፌን አልሰጥም ብሏል።