የሶላር ማብሪያ ማጥፊያዬ እሳት እየተፋ ነው፣ መላ በሉኝ
ሰላም ወገኖች፣ ከድሬዳዋ ነኝ። ለውሃ ፓምፕ 18 የሶላር ፓነል በተከታታይ አገናኝቼ 700 ቮልት አካባቢ ዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀይር ኤሌክትሪክ) ይመጣል። ትናንት እኩለ ቀን ላይ፣ ያ የኛ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ፓምፑ እየሠራ ማጥፊያውን ሳወርደው ሰማያዊ እሳት በሁለቱ ጫፎች መሃል ተዘርግቶ ቀረ፣ ፕላስቲኩም ቀለጠ። ለካ ለኤሲ (አቅጣጫውን ለሚቀያይረው የመስመር ኤሌክትሪክ) የተሠራ ነው! ኤሲ በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን እሳቱ ቶሎ ይጠፋል፣ ዲሲ ግን እረፍት የለውም።

አሁን በሁለት ቦታ የሚላቀቅ፣ በማግኔት እሳቱን ወደ ተደረደሩ ስስ ብረቶች የሚገፋ ማጥፊያ እየነደፍኩ ነው። ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቢገለባበጥ ማግኔቱ እሳቱን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል፣ አይደል? ብረቶቹን በሁለቱም በኩል ልደርድር ወይስ ሌላ መላ አለ? የሞከረ ካለ ይንገረኝ። እስከዚያ ፓነሎቹን በሸራ ሸፍኛቸዋለሁ።